ጫካ ውስጥ ያለ ታርጌት በኦፍሴት ነጥብ እንዴት ይገኛል

ማታ ማታ በኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር አብረን የምንበርር ልጆች አለን። ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ስቲርፖይንቱ ላይ ደርሻለሁ፣ የሚታየኝ ግን ዛፍ ብቻ ነው። ታርጌቱ የታለ?» (ስቲርፖይንት አውሮፕላኑ ኮምፒውተር ውስጥ የተመዘገበ የመድረሻ ነጥብ ነው፣ ታርጌት ደግሞ የምንመታው ነገር።) በቴሌግራም በድምፅ መለስኩ፣ በስልክ መለስኩ። አንዱ ደግሞ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አግኝቶኝ ናፕኪን ላይ አስሳለኝ። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ። ከአሁን በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የምልከው ይህን ነው።

«አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። አንቺ ከሆንሽ እያስተካከልሽ አንብቢው።

ኦፍሴት ነጥብ ማለት

ጎንደር ውስጥ ቤትህን ለእንግዳ ስትጠቁም የቤት ቁጥር አትነግረውም። «ፋሲል መዋኛ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ 300 እርምጃ ያህል ሂድ፣ ሰማያዊ በር ታገኛለህ» ትለዋለህ። መዋኛውን ማንም አይስተውም። ሰማያዊውን በር ግን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። እንግዳው የሚታየውን ይዞ ወደማይታየው ይሄዳል።

ኦፍሴት ነጥብ ይኸው ነው። አንድ የሚታወቅ ነጥብ አለ። ከእሱ ተነስተህ አቅጣጫ በዲግሪ፣ ርቀት፣ እንደገና ደግሞ ከፍታ ትሰጣለህ። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ነጥብ ያሰላና ሀዱ ላይ፣ ማለትም ከፊትህ ያለው መረጃ የሚታይበት መስታወት ላይ፣ ምልክት ያደርግልሃል። ከፍታው የተጨመረው ከላይ ስለምናይ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ከፍታ አያስፈልገውም።

እዚህ የማሳየው በኤፍ-16 ነው፤ አብዛኞቻችን የምንበርረው እሱን ስለሆነ። ዲሲኤስም ሆነ ፋልከን ቢኤምኤስ በሚባሉት ሲሙሌተሮች ላይ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ሌሎቹን አውሮፕላኖች መጨረሻ ላይ ባጭሩ እነካቸዋለሁ።

ኤፍ-16 ሦስት ዓይነት አለው። ልዩነታቸው የገባው ሰው ግማሹን ጨርሷል።

ኦኤ1 እና ኦኤ2፦ ከስቲርፖይንቱ ተነስተው የሚለኩ ረዳት ነጥቦች ናቸው። እያንዳንዱ ስቲርፖይንት ሁለት ሁለት አለው። ስቲርፖይንቱ ታርጌቱ ላይ ነው፣ ኦኤው የሚታየው ነገር ላይ ነው።

ቪአይፒ፦ ስቲርፖይንቱ የሚታየው ነገር ላይ ነው፣ ታርጌቱ ከእሱ ይለካል። ልክ እንደ መዋኛውና ሰማያዊው በር።

ቪአርፒ፦ የቪአይፒ ግልባጭ። ስቲርፖይንቱ ታርጌቱ ላይ ነው፣ የሚታየው ነገር ከታርጌቱ ተነስቶ ይለካል።

ቪአይፒና ቪአርፒ አንድ ላይ አይሠሩም። አንዱን ስታበራ ሌላው ይጠፋል።

የሚያስፈልግህ

- ዲሲኤስ ወይም ፋልከን ቢኤምኤስ፣ ከኤፍ-16 ጋር። ዲሲኤስ ላይ ኤፍ-16ን ለብቻው መግዛት አለብህ።
- ጆይስቲክ። በኪቦርድም ይቻላል፣ ግን ትሰቃያለህ።
- ወረቀትና እርሳስ። ይህን ዝም ብለህ እንዳታልፈው። ዲሲኤስ ላይ ተመትተህ አዲስ አውሮፕላን ስትይዝ የጻፍካቸው ኦፍሴቶች በሙሉ ይጠፋሉ። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት የደከምኩበትን ሚሽን ፈንጂ ሳይሆን ጨለማ በላው። ቁጥሮቹ ወረቀት ላይ ስለነበሩ መብራቱ ሲመጣ በ5 ደቂቃ መልሼ አስገባኋቸው።
- ካልኩሌተር። የስልክህ ይበቃል።
- የሲሙሌተሩ ማፕ ላይ ያለው ማስመሪያ። ዲሲኤስ ላይ የኪቦርዱን ኤፍ10 ቁልፍ ስትጫን በሚከፈተው ማፕ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ወረቀትህ አናት ላይ እነዚህን ቁጥሮች ጻፋቸው፤ ሁልጊዜ ያስፈልጉሃል፦

1 ኖቲካል ማይል = 1,852 ሜትር = 6,076 ጫማ
1 ሜትር = 3.281 ጫማ
1 ዲግሪ ስህተት በ1 ኖቲካል ማይል ላይ = 106 ጫማ ገደማ፣ ማለትም 32 ሜትር

መጀመሪያ ሰሜንህን እወቅ

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ እርምጃዎቹን ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ልቆይበት።

ሁለት ሰሜን አለ። አንዱ የማፑ ሰሜን ነው፣ እውነተኛው። ሌላው የኮምፓሱ ነው፣ ማግኔቲኩ። የሁለቱ ልዩነት እንደየቦታው ይለያያል። ዲሲኤስ ላይ የካውካሰስ ማፕ ወደ ምሥራቅ 6 ዲግሪ ገደማ አለው። ኔቫዳ 12 ገደማ ነው። የፐርሺያን ገልፍ 2 አካባቢ ብቻ ስለሆነ እዚያ ብትሳሳት እንኳ ብዙ አትጎዳም። ለዚህ ነው ገልፍ ላይ የተማረ ልጅ ካውካሰስ ሲገባ «ምን ነካው ይሄ ጌም» የሚለው።

ኤፍ-16 የኦፍሴት አቅጣጫ የሚቀበለው ከእውነተኛው ሰሜን ነው። ሀዱ ላይ የምታየው የአፍንጫህ አቅጣጫ ግን ማግኔቲክ ነው። ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ የሚመራህ ተቆጣጣሪም የሚነግርህ ማግኔቲክ ነው።

ስለዚህ ካውካሰስ ላይ፦ ሬዲዮ የሰጠህን ቁጥር ኦፍሴት ገጹ ላይ ስትጽፍ 6 ትጨምራለህ። ማፕ ላይ የለካኸውን በሀድህ ልትበርር ስትል 6 ትቀንሳለህ።

ማስመሪያው የሚሰጥህ የትኛውን እንደሆነ ከተጠራጠርክ ሰውን አትጠይቅ፣ ራስህ ፈትነው። ማኮብኮቢያው ላይ አውሮፕላንህን ቀጥ አድርገህ አቁም። ሀዱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ ማፑን ከፍተህ ማኮብኮቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በማስመሪያው ለካው። ልዩነቱ 6 አካባቢ ከሆነ ማስመሪያው እውነተኛውን ሰሜን እየሰጠህ ነው። ልዩነት ከሌለ ማግኔቲክ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እርምጃዎቹ፦ በኦኤ1

ምሳሌ ልስጥህ። ካውካሰስ ላይ ነን። 4 ቁጥር ስቲርፖይንት ዛፍ ሥር የቆሙ ተሽከርካሪዎች ላይ ነው። አይታዩም። ከእነሱ ወዲያ ግን ወንዝ ላይ አንድ ድልድይ አለ። ድልድዩ ከ15 ማይል በታርጌቲንግ ፖድ (አውሮፕላኑ ላይ በተንጠለጠለው ካሜራ) በደንብ ይታያል።

1. የሚታይ ነገር ምረጥ።

ድልድይ፣ የመንገድ መጋጠሚያ፣ የግድብ ጫፍ፣ የማኮብኮቢያ ጫፍ። ከአንድ በላይ እንዳይኖር ተጠንቀቅ። አንዱ ጓደኛዬ «መንደሯን ነው የያዝኩት» አለኝ፤ በዚያ ሸለቆ አምስት መንደር አለ፣ ሁሉም ቀይ ጣሪያ። ጎንደር መጥቶ «ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነኝ» እንደሚል ሰው ነው፤ የቱ ቤተ ክርስቲያን? ከታርጌቱ ከ1 እስከ 3 ማይል ውስጥ ያለ ነገር ጥሩ ነው። ከዚያ ከራቀ የዲግሪ ስህተትህ ይለጠጣል። በጣም ከቀረበ ደግሞ ኦፍሴት ለምን አስፈለገህ፣ ዝም ብለህ እየው።

2. ከስቲርፖይንቱ ወደ ድልድዩ ለካ።

ከየት ወደ የት የሚለው ዋናው ነገር ነው። ኦኤ የሚለካው ሁልጊዜ ከስቲርፖይንቱ ተነስቶ ነው። ማስመሪያውን መጀመሪያ ታርጌቱ ላይ ጠቅ አድርግ፣ ከዚያ ወደ ድልድዩ ሳበው። በእኛ ምሳሌ 070 ዲግሪና 2.6 ኪሎ ሜትር ወጣ እንበል። ገልብጠህ ከለካኸው 250 ይወጣልሃል፤ ምልክቱም ከታርጌቱ በስተ ሌላ ወገን፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል።

ለጥምቀት የመጣ እንግዳዬ ይኸው ነው የደረሰበት። 300 እርምጃውን በትክክል ቆጥሯል፣ አቅጣጫውንም አልሳተም፣ የተነሳው ግን ከሌላኛው በር ነበር። ሰማያዊ በር ፍለጋ የሰው ግቢ ገብቶ ጠላ አጠጥተው ሰደዱት።

3. ርቀቱን ወደ ጫማ ቀይር።

የኦኤ ገጽ ርቀት የሚፈልገው በጫማ ነው። 2,600 × 3.281 = 8,530። ሜትሩን እንዳለ 2600 ብለህ ብታስገባው ገጹ አያጉረመርምም፣ ዝም ብሎ ይቀበልሃል። ምልክቱ ግን ከታርጌቱ 2,600 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይቀመጣል።

4. የድልድዩን ከፍታ አንብብ።

ማውሱን ድልድዩ ላይ ስታደርግ ማፑ ከፍታውን ያሳይሃል። 65 ሜትር ቢል 213 ጫማ ነው። የሚፈለገው ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ነው፣ ከመሬት በላይ ያለው አይደለም። «ሜዳ ነው እኮ» ብለህ ዜሮ አትተወው። ጎንደርም ፒያሳ ላይ ስትቆም ሜዳ ትመስላለች፣ ከባሕር ጠለል ግን ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ናት።

ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገርህ። ከፍታውን 300 ጫማ ዝቅ አድርገህ ብትጽፍ ኮምፒውተሩ ነጥቡ ከመሬት በታች ነው ብሎ ያስባል። ፖድህ በ10 ዲግሪ ቁልቁል እያየ ከሆነ፣ ዓይኑ ወደዚያ የተቀበረ ነጥብ ሲያመራ መሬቱን ቀድሞ ይመታል። ወደ አንተ 1,700 ጫማ ቀርቦ ማለት ነው፣ ከ500 ሜትር በላይ። ዝቅ ብለህ በበረርክ ቁጥር ስህተቱ ይብሳል።

5. አራቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ።

የስቲርፖይንት ቁጥር 4፣ ርቀት 8530፣ አቅጣጫ 070.0፣ ከፍታ 213። ይህን መሬት ላይ ሆነህ ጨርሰው። አየር ላይ ካልኩሌተር የምትፈልግ ከሆነ ተራራ ትገባለህ። እኔ ገብቻለሁ።

6. ገጹን ክፈት።

ከሀዱ ሥር ካለው ቁልፍ ሰሌዳ ላይ «ሊስት»ን ተጫን፣ ከዚያ 1። የመድረሻ ገጹ ይመጣል። አሁን ትንሿን ባለ 4 አቅጣጫ ስዊች ወደ ቀኝ ግፋ። ኦኤ1 የሚል እስኪመጣ ድረስ ደጋግመው። (የዚህች ስዊች ስም በምህፃረ ቃል ዲሲኤስ ነው፣ እንደ ጌሙ። «ዲሲኤስን ወደ ቀኝ» ሲሉህ ግራ እንዳትጋባ፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ስፈልግ ነበር።)

7. ስቲርፖይንቱ 4 መሆኑን አረጋግጥ።

ገጹ ሲከፈት የሚያሳይህ አሁን የያዝከውን ስቲርፖይንት ነው። 2 ላይ እየበረርክ ከሆነ የ2ን ኦፍሴት ነው የምትጽፈው። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ምልክቱ የትም ካልታየ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

8. ቁጥሮቹን አስገባ።

ኮከቦቹ የተቀመጡበት መስመር ነው የሚጻፍበት። ስዊቿን ወደ ታች እየገፋህ ከመስመር ወደ መስመር ትወርዳለህ። ርቀት፦ 8530፣ ከዚያ «ኢንተር»። አቅጣጫ፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፣ የመጨረሻው አኃዝ ከነጥብ በኋላ ያለው ነው። 070.0 ለማለት 0700 ትጽፋለህ። 70 ብቻ ብለህ «ኢንተር» ካልክ 7 ዲግሪ ሆኖ ይቀመጣል፣ በ63 ዲግሪ ትስታለህ። ከፍታ፦ 213፣ «ኢንተር»።

«ኢንተር» ካልተጫነ ቁጥሩ አልገባም። ጽፈህ ወደ ታች ከወረድክ የደከምክበት ጠፋ።

9. ወደ ዋናው ገጽ ተመለስ።

ስዊቿን ወደ ግራ። ሳትመለስ ብትቀር ሌላ ቁልፍ ስትነካ ሳታስበው ቁጥር ልታበላሽ ትችላለህ።

10. ወደ አየር ለመሬት ሞድ ግባና ቦምቡን ሲሲአርፒ (ቦምቡ የሚለቀቅበትን ጊዜ ኮምፒውተሩ የሚያሰላበት ሞድ) ላይ አድርግ።

ሀዱ ላይ ታርጌቱ ላይ ትንሽ ሳጥን ታያለህ፣ ኦኤው ላይ ደግሞ ትንሽ ሦስት ማዕዘን። ዓይንህን ከሳጥኑ አንሳ። መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኑን ፈልግ። ድልድዩ ላይ ነው? ድልድዩ ላይ ከሆነ ሳጥኑም ታርጌቱ ላይ ነው። ዛፍ ቢሆንም፣ ባይታይህም፣ እዚያው ነው።

11. ትንሽ ከሳተ አስተካክለው።

ይህ እርምጃ ነው ለእኔ የነገሩ ሁሉ ጣዕም። ፖዱ ወይም ራዳሩ የሚያይበትን ነጥብ መቀየር ትችላለህ። ስክሪኑ በቀኝ በኩል ካሉት ቁልፎች የመጨረሻው ታችኛው፣ 10ኛው፣ የትኛውን ነጥብ እንደያዝክ ይነግርሃል። ይህንኑ ቁልፍ ስትጫን ከታርጌቱ ወደ ኦኤ1፣ ከዚያ ወደ ኦኤ2 ይዘላል።

ወደ ኦኤ1 አምጣው። ፖዱ ድልድዩን ያሳይሃል። መስቀሉ ከድልድዩ 100 ሜትር ወደ ግራ ቢሆን፣ ከርሰሩን ገፍተህ ድልድዩ መሐል ላይ ቁጭ አድርገው። አሁን ድልድዩን ብቻ አይደለም ያስተካከልከው፤ ታርጌቱም አብሮ በዚያው ልክ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ 10ኛውን ቁልፍ እየተጫንክ ወደ ታርጌቱ ተመለስ። ፖዱ የማታየው ተሽከርካሪ ላይ ያርፋል። አጉላው፣ ቅጠል መሐል የብረት ሙቀት ታያለህ።

12. ከተበላሸ ወደ ዜሮ መልሰው።

ከ10ኛው ቁልፍ በላይ ያለው፣ 9ኛው፣ ከርሰር ዜሮ ነው። የገፋኸውን ሁሉ ያጠፋና ነጥቦቹን ወደ መጀመሪያ ቦታቸው ይመልሳል። ስቲርፖይንት ስትቀይር የገፋኸው አብሮህ እንደሚሄድ አትርሳ። 4 ላይ ያስተካከልከው 100 ሜትር 5 ላይም ይጠብቅሃል። ወደ ቤት ስትመለስ ሀድህ ከማኮብኮቢያው ጎን ያለውን በቆሎ ማሳ «ሜዳው ይኸ ነው» ቢልህ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከመሬት የሚመራህ ሰው ሲኖር፦ በቪአይፒ

ተቆጣጣሪው በሬዲዮ 9 መስመር ያነብልሃል። ለእኛ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው። 1ኛው የመነሻ ነጥብ፣ 2ኛው ከዚያ ወደ ታርጌቱ ያለው አቅጣጫ፣ 3ኛው ርቀት፣ 4ኛው የታርጌቱ ከፍታ። ልብ አልክ? የኦፍሴት ገጹን አንብቦ የሰጠህ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቪአይፒ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ልብስ ነው።

እንዲህ ቢልህ፦ መነሻ 3 ቁጥር ስቲርፖይንት፣ አቅጣጫ 250፣ ርቀት 6.2፣ ከፍታ 410።

1. «ሊስት»፣ ከዚያ 3። የቪአይፒ ገጽ ይመጣል። (ቪአርፒ ከፈለግክ «ሊስት» 9 ነው።)
2. ኮከቦቹ የገጹ ርዕስ ላይ እያሉ 0ን ተጫን። ርዕሱ ሲደምቅ ሞዱ በርቷል ማለት ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ቁጥሩን ሁሉ በትክክል ጽፎ «አይሠራም» ብሎ ይደውልልኛል።
3. የስቲርፖይንቱን ቁጥር 3 አድርግ።
4. አቅጣጫ፦ 250 ማግኔቲክ ነው፣ ካውካሰስ ላይ ስለሆንን 6 ጨምር፣ 256። የምትጽፈው 2560 ነው።
5. ርቀት፦ እዚህ ገጽ ላይ በኖቲካል ማይል ነው፣ እንደ ኦኤው በጫማ አይደለም። ገጹ ከቁጥሩ ቀጥሎ መለኪያውን ይጽፋል፣ ሳታይ አትጻፍ። 6.2።
6. ከፍታ፦ 410 ጫማ። ተቆጣጣሪው በጫማ ስለሰጠህ አትቀይረውም። አንዳንዱ ሚሽን ግን በሜትር ነው የሚያነብልህ፣ ስለዚህ መለኪያውን አዳምጥ።
7. ወደ 3 ቁጥር ብረር። በላዩ ስታልፍ ምልክቱ በእርግጥ የመነሻው ነጥብ ላይ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። ካልሆነ አስተካክለው፣ ታርጌቱም አብሮ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። 6ቱን ዲግሪ ሳልጨምር 6.2 ማይል ላይ ቦምብ ጣልኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 1,200 ሜትር ሳትኩ። ቦምቡ ያረፈው ወገን ያለበት ኮረብታ ላይ ነው። ዲጂታል ወታደር ስለሆነ እግዜር ይመስገን፣ የልጆቹ ሳቅ ግን እስከ ዛሬ አላባራም።

ማስጠንቀቂያ

8ኛውን መስመር፣ ወገን የት እንዳለ የሚነግርህን፣ ሳትሰማ ቦምብ አትልቀቅ። የኦፍሴት ስህተት ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ስህተት ነው። አውሮፕላኑ አይጮህም፣ መብራት አይበራም። በጣም ትክክል በሚመስል ሳጥን የተሳሳተ ቦታ ያሳይሃል።

ኦፍሴቱ ፖድህን ታርጌቱ ጋ እንዲያደርስልህ ነው። ዓይንህን አይተካም። ደመና ካለና ምንም ማየት ካልቻልክ፣ ወገንም ቅርብ ከሆነ፣ ቦምቡን ይዘህ ተመለስ።

ከታርጌቱ 5 ማይል ገብተህ ቁጥር መጻፍ አትጀምር። ጭንቅላትህ ወደ ታች እያለ አውሮፕላኑ ወደ መሬት ያዘነብላል።

በሌሎቹ አውሮፕላኖች

ኤ-10ሲ ላይ ቀላል ነው። ሲዲዩ በሚባለው ቁጥር የሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ የኦፍሴት ገጽ የራሱ ቁልፍ አለው። መነሻ ዌይፖይንቱን (እዚያ ስቲርፖይንት የሚባለው በዚህ ስም ነው) ትሰጠዋለህ፣ አቅጣጫና ርቀት ትጽፋለህ፣ አዲስ ዌይፖይንት ይፈጥርልሃል። ግን ልብ በል፣ እሱ የሚቀበለው ማግኔቲክ ነው። ስለዚህ ከሬዲዮ የሰማኸውን እንዳለ ትጽፋለህ፣ 6 አትጨምርም። ከኤፍ-16 ወደ ኤ-10 የሚቀያየር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ርቀቱ በኖቲካል ማይል ነው።

ኤፍ/ኤ-18 ላይ የዌይፖይንቱን ዳታ ገጽ ትከፍትና በፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ኦፍሴት የሚለውን ትመርጣለህ። አቅጣጫ፣ ርቀት፣ ከፍታ። ርቀቱን በጫማም በሜትርም በማይልም መስጠት ትችላለህ፣ ይህ ደስ የሚል ነው።

ሚራዥ 2000ሲም የራሱ አለው፣ ልጆቹ «ባድ» ይሉታል። ሐሳቡ ያው ነው።

ሲበላሽ የት ልፈልግ

ሦስት ማዕዘኑ ጭራሽ አይታይም፦ ወይ ሌላ ስቲርፖይንት ላይ ጽፈሃል፣ ወይ አሁን የያዝከው 4 አይደለም፣ ወይ ሲሲአርፒ ላይ አይደለህም።

ሦስት ማዕዘኑ ከታርጌቱ ተቃራኒ ወገን ነው፦ ገልብጠህ ለክተሃል። 180 ጨምር፣ ከ360 ካለፈ 360 ቀንስ።

በአቅጣጫ ልክ ነው፣ ርቀቱ ግን ሲሶ አይሞላም፦ ሜትርን በጫማ ቦታ ጽፈሃል።

ርቀቱ ልክ ነው፣ ግን ወደ ጎን ትንሽ ዞሯል፦ ሰሜን። ሁልጊዜ ሰሜን ነው።

ከሩቅ ቀርቦ ይታይና እየተጠጋህ ስትሄድ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከመሰለህ፦ ከፍታውን ዝቅ አድርገህ ጽፈሃል። በተቃራኒው ከሆነ ከፍ አድርገሃል።

ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ሁሉም ነገር እኩል ወደ አንድ ወገን ዞሯል፦ ከርሰር ዜሮ ተጫን። ከአሥር ዘጠኙ እሱ ነው።

ልምምድ

መጀመሪያ ቀን ጦርነት ውስጥ አትግባ። ባዶ ሚሽን ሥራ። ስቲርፖይንቱን የማኮብኮቢያው አንድ ጫፍ ላይ አድርግ፣ ኦኤ1ን ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ኦኤ2ን መቆጣጠሪያ ማማው ላይ። ተነሳና ሜዳውን አንዴ ዞረህ ተመለስ። ሳጥኑና ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ቦታቸው ላይ ከተቀመጡ ሰሜንህም፣ መለኪያህም፣ ከፍታህም ልክ ነው። ካልተቀመጡ ከላይ ካለው ዝርዝር ፈልግ። ማኮብኮቢያው የት እንዳለ ስለምታውቅ ማን እንደተሳሳተ ወዲያው ይታይሃል፣ ጫካ ላይ ግን አይታይህም።

ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ሠርተህ አሁንም ካልሆነልህ፣ የወረቀትህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የስክሪኑን አይደለም፣ የወረቀቱን፤ ስህተቱን የማገኘው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።